ብረትና እንጨት

በአገራችን ጠመንጃ ስም አለው። ስናድር፣ ውጅግራ፣ ናስማስር፣ አልቤን፣ ምንሽር፣ ቤልጅግ እያሉ አባቶቻችን እንደ ፈረስና እንደ በሬ በየስሙ ይጠሩት ነበር። ከእነዚህ ስሞች አንዳንዶቹ የባዕድ ስሞች በእኛ አፍ ተገርተው የቀሩ ናቸው። ስናድር ስናይደር ከሚባል አሜሪካዊ ሰው፣ ውጅግራም እንደሚባለው ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1874 ካወጡት የግራ ጠመንጃ የተወሰዱ ናቸው። ስለ ተኳሹ ፉከራ አለን፤ ስለ ዒላማው፣ ስለ ጥይቱ፣ ስለ ገዳዩና ስለ ሟቹ ቀረርቶ አለን። ብረቱን ከእንጨቱ ጋር አስማምቶ ስላጋጠመው እጅ ግን የተፎከረ ፉከራ በበኩሌ ሰምቼ አላውቅም። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ መጋጠሚያ ነው።

ነገሩን እንዳስብ ያደረጉኝ ጎረቤቴ ናቸው። የምኖረው ከጆሃንስበርግ መኻል ከተማ በስተምሥራቅ፣ የኤሊስ ፓርክን ስታዲየም ቁልቁል በሚያይ ኮረብታ ላይ በተሠራው በትሮይቪል ነው። ቤቶቹ አሮጌዎች ናቸው፤ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የእንጨት ወለል፣ በረንዳቸው ላይ ዝገት የበላው የብረት ጌጥ። ሰፈሩ ከጥንትም የመጤ ሰፈር ነበር። ጋንዲ በደቡብ አፍሪካ ጠበቃ ሳለ በ1900ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በአልበማርል ጎዳና ላይ ኖሯል። ከዚያ ፖርቱጋሎች መጡ፤ ዛሬ ደግሞ ኮንጎዎች፣ ሞዛምቢኮች፣ ዚምባብዌዎችና እኛ አለን። የእኛ ሰው ከዚህ ብዙም በማይርቀው በጄፔ ጎዳና ይነግዳል። እዚያ ቀድሞ የሐኪሞች ክፍሎች የነበሩበት፣ ስሙም እስካሁን «ሜዲካል አርትስ» የሚባል ሕንፃ አለ፤ ሐኪሞቹ ሲወጡ ወገኖቻችን ሱቅ አድርገውት ዛሬ የቡና፣ የበርበሬና የነጠላ ሽታ ይሸታል። በዚያ ባለፍሁ ቁጥር፣ ሐኪም ነኝና፣ ፈገግ እላለሁ።

ጎረቤቴ ፖርቱጋላዊ አናጢ ናቸው፤ ዕድሜያቸው ሰማንያን አልፏል። ሞዛምቢክ እ.ኤ.አ. በሰኔ 1975 ነፃ ስትወጣ፣ ዛሬ ማፑቶ ከምትባለው ከተማ አንድ የመሣሪያ ሣጥን ይዘው ወደዚህ ተሻገሩ። እኔ ሜሽትሬ እላቸዋለሁ፤ በቋንቋቸው የእጅ ባለሙያ ጌታ ማለት ነው። የምንነጋገረው በተሰባበረ ድልድይ ላይ ቆመን ነው፤ እሳቸው በፖርቱጋልኛ፣ እኔ በስፓንኛ። ስፓንኛውን ያገኘሁት ከኩባ ነው። ከ1971 ዓ.ም. ጀምሮ አባቶቻቸው በሶማሊያ ጦርነት የሞቱባቸው የኢትዮጵያ ልጆች ወደ ኩባ፣ የወጣቶች ደሴት ወደምትባለው ደሴት ተልከው ሲማሩ እኔ አንዷ ነበርሁ። ሕክምናንም የተማርሁት እዚያው ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት በግንቦት ወር ሜሽትሬ ወደ ጋራዣቸው ጠሩኝ። በሞርሳቸው ላይ አንድ ወፍራም የዎልነት ሳንቃ ታስሯል። ከጎኑ በጨርቅ ተጠቅልሎ ስምንት ማዕዘን ያለው፣ ርዝመቱ አንድ ሜትር ገደማ የሚሆን አዲስ ብረት ተኝቷል። በአፈሙዙ የሚጎርስ ጠመንጃ ሊሠሩ ነው። ቀለህ የለውም፤ ባሩዱ በአፉ ይፈስሳል፣ ከዚያም በቁራጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ድቡልቡል እርሳስ በዘንግ እየተገፋ ይወርዳል። (ቋንቋችን ጠመንጃን ሲያስነሣ «አጎረሰ» ማለቱ የተገለጠልኝ ያን ዕለት ነው፤ አያቴ እኔን የምታጎርስበት ቃልና አያቴ ውጅግራውን የሚያጎርስበት ቃል አንድ ነበር።) ሜሽትሬ ከጓደኞቻቸው ጋር በዓመት ጥቂት ጊዜ ከከተማ ውጭ ወረቀት ላይ የሚተኩሱበት ማኅበር አላቸው። ይህ የመጨረሻ ሥራቸው እንዲሆን ፈልገዋል። ችግሩ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀምሯል፤ በቀኝ ዐይናቸውም ላይ ሞራ አለ።

«ዶቶራ» አሉኝ፣ «ያንቺ እጅ አይንቀጠቀጥም። እኔ ልንገርሽ፣ አንቺ ፋቂው።»

መልስ ሳልሰጥ ወደ ቤቴ ተመለስሁ። አንባቢ ሆይ፣ ምክንያቱን ላስረዳ። በዚህ ከተማ የድንገተኛ ክፍል ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። ጥይት የገባበትንና የወጣበትን ቀዳዳ እለካለሁ፣ መንገዱን በወረቀት ላይ እሥላለሁ፣ ሱቁ ውስጥ የተመታውን የአገሬን ልጅ እጅ ይዤ ለእናቱ ስልክ ደውያለሁ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2008 በመጤዎች ላይ በተነሣው ሁከት ከ60 በላይ ሰው ሲሞት እዚሁ ነበርሁ። በገዛ ሰፈሬ በኤሌነር ጎዳና ላይ ዴቪድ ዌብስተር የተባለው አንትሮፖሎጂስትና የአፓርታይድ ተቃዋሚ እ.ኤ.አ. ግንቦት 1 ቀን 1989 ከደጁ ፊት በመኪና ሲያልፉ በነበሩ ሰዎች በአደን ጠመንጃ ተገድሏል። ገዳዩ የተፈረደበት በ1998 ነው። የሰፈሩ መናፈሻ ዛሬ በሟቹ ስም ይጠራል፤ ልጄ ዥዋዥዌ የተጫወተችው እዚያ ነው። አባቴም የቀረው በኦጋዴን ነው። ሬሳው አልመጣልንም፤ የመጣልን አንድ ወረቀት ነበር። እንግዲህ ጠመንጃ በእጄ እንድሠራ ስጠየቅ ዝም ብዬ እሺ ልል አልችልም ነበር።

ሳምንት ሙሉ አሰብሁበት። ሕጉን ጠየቅሁ። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣችውና ከ2004 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የጦር መሣሪያ ቁጥጥር ሕግ በአፈሙዝ የሚጎርሰውን አሮጌ ዓይነት ጠመንጃ ከሌላው ለይቶ ያየዋል። ባለቤቱ የብቃት ምስክር ወረቀት ይኑረው ይላል እንጂ ለእያንዳንዱ ጠመንጃ ፈቃድ አይጠይቅም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አንድ ጊዜ ተኩሶ እንደገና ለመጉረስ ደቂቃ የሚጠጋ ጊዜ የሚወስድ መሣሪያ ሱቅ ለመዝረፍ አይመችም። ሜሽትሬም ወረቀታቸው የተሟላ ነበር። በመጨረሻ የራሴን ወሰን አስቀመጥሁ፤ እንጨቱን እፍቃለሁ፣ ምላጩንና መተኮሻውን አልነካም። «እኔም የጠየቅሁሽ ይህንኑ ነው» አሉኝ።

ሥራው እንዲህ ነው። ሳንቃው ላይ ብረቱ የሚተኛበት ቦይ በመላጊያና በመሮ ይቆፈራል፤ ሆን ተብሎ ግን ትንሽ ይጠብባል። ከዚያ ብረቱ በኩራዝ ነበልባል ላይ እየተንቀሳቀሰ ጥላሸት ይለብሳል፤ ቦዩ ውስጥ ቀስ ብሎ ይተኛል፤ በእንጨት መዶሻ አንድ ሁለት ጊዜ ይነካና ይነሣል። እንጨቱ ከፍ ብሎ ብረቱን የነካበት ሥፍራ ሁሉ ጥቁር ነጥብ ይዞ ይቀራል። የሚፋቀው ያ ነጥብ ብቻ ነው። ነጩ አይነካም። ከዚያ ብረቱ እንደገና ጥላሸት ይለብሳል፣ እንደገና ይተኛል፣ እንደገና ይነሣል። በመጀመሪያው ቀን አሥር ነጥብ ነበር፤ በሁለተኛው ሳምንት ሠላሳ፣ በወሩ መጨረሻ መቁጠር አቆምሁ። ሥራው የተሳካ ዕለት ነጥብ የሚባል ነገር ይጠፋል፤ ቦዩ በሙሉ እንደ ንጋት ሰማይ እኩል ግራጫ ይሆናል።

ሜሽትሬ ሁለት ሕግ ነበሯቸው። አንደኛው «ብረቱ አይሞረድም» የሚል ነው። ብረት ቢሞረድ ቀዳዳው ቀጥ ብሎ የተሠራበት ውፍረት ይዛባል፤ የሚሰጠው እንጨት ነው። ሁለተኛው «ከኋላ ጀምሪ» የሚል ነው። ባሩዱ ሲነድ እርሳሱ ወደ ፊት፣ ብረቱ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ እኛ ጠመንጃ ይራገጣል የምንለው ይህን ነው። ያን ርግጫ መቀበል ያለበት የብረቱ የኋላ ገጽ በሙሉ ከእንጨቱ ጋር ተጣብቆ ነው። ያ ገጽ ፀጉር የምታህል ክፍተት ካለው ርግጫው ሁሉ ከኋላ በተዘረጋችው ቀጭን የብረት ጅራት ላይ ያርፋል፤ ጅራቷም እንደ ሽብልቅ ሆና እንጨቱን እጅ ከሚይዝበት ከቀጭኑ ቦታ ላይ ትሰነጥቀዋለች። ስለዚህ ጀርባው በደንብ እንዲደገፍ ተደርጎ ከጅራቷ ጫፍ በስተኋላ ጥቂት አየር ይተዋል። ስንጥቁ በመጀመሪያው ተኩስ ላይታይ ይችላል፤ በሃምሳኛው ይታያል።

ወደ ፊት በኩል ያለው ጥንቃቄ ሌላ ነው። በዚያ የእንጨቱ ግድግዳ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በአንድ ጎን ብቻ ብረቱን ከገፋው ጠመንጃው በቀዝቃዛ ጧት አንድ ቦታ፣ በሞቀ ቀትር ሌላ ቦታ ይመታል። ተኳሹም ዐይኔ ደከመ ብሎ ያማርራል።

ይህ ዘዴ ለእኔ አዲስ አልነበረም። የጥርስ ሐኪም አዲስ የሞላውን ጥርስ ሲፈትሽ በሽተኛውን ባለ ቀለም ወረቀት ያስነክሰዋል፤ ቀለም የያዘው ከፍ ያለው ቦታ ነው፣ የሚፈገፈገውም እሱ ነው። እግሩ ለተቆረጠ ሰው ሰው ሠራሽ እግር የሚሠሩ ባለሙያዎችም የቀረውን እግር የሚቀበለውን ጽዋ ሲፈትሹ የሚያደርጉት የዚሁ ዘመድ ነው። ጽዋው በአንድ ነጥብ ላይ ብቻ ከተጫነ ያ ነጥብ በሳምንት ይቆስላል፤ በሽተኛውም እግሩን ከአልጋው ሥር ወርውሮ በክራንች ይሄዳል። ብዙ ጊዜ ሰዎች «እግሩ ጠበበኝ» ብለው ይመጣሉ። የጠበበው ግን እግሩ በሙሉ አይደለም፤ አንድ ቦታ ነው። ያን ቦታ ማግኘት ነው ሙያው። ሜሽትሬ ይህን ስነግራቸው ሳቁና «እንግዲያው አስተማሪ አያስፈልግሽም ነበር» አሉኝ።

ጋራዡ ውስጥ ስንፍቅ ብዙ እናወራ ነበር። የእሳቸው አገር ሰዎች ወደ እኔ አገር በምን እንደመጡ እንኳ አያውቁም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1541 የቫስኮ ዳ ጋማ ልጅ ክሪስቶቫው ዳ ጋማ 400 ያህል ነፍጠኞች ይዞ ከምጽዋ ወደ ደጋ ወጣ። መሣሪያቸው በሚነድ ገመድ የሚለኮስ፣ በአፈሙዙ የሚጎርስ ጠመንጃ ነበር። በተቃራኒውም የግራኝ አሕመድ ጦር ከቱርኮች ያገኛቸው ነፍጠኞች ነበሩት። ክሪስቶቫው በ1542 ተማርኮ ተገደለ፤ ግራኝም በ1543 በወይና ደጋ ውጊያ በጥይት ወደቀ። «ነፍጥ» የሚለው ቃል ራሱ ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ መጀመሪያ የሚቀጣጠል ዘይት፣ ኋላ ባሩድ ማለት ነበር። ዛሬ አገር ቤት ሰው ሰውን የሚያሸማቅቅበት ስድብ ሆኖ ስሰማው፣ ስንት መቶ ዓመት ሙሉ ባሩዱ ከቃሉ ውስጥ እንዳልጠፋ አስባለሁ።

ያ ዘመን ለሕክምናም ዘመን ነው። በዚያ ጊዜ የአውሮፓ ሐኪሞች ባሩድ ሥጋን ይመርዛል ብለው በጥይት ቁስል ላይ የፈላ ዘይት ያፈስሱ ነበር። አምብሯዝ ፓሬ የሚባል ወጣት ፈረንሳዊ የቁስል ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1537 በጦር ሜዳ ሳለ ዘይቱ አለቀበት። ለቀሩት ቁስለኞች የእንቁላል አስኳል፣ የጽጌረዳ ዘይትና ተርፔንታይን ለውሶ ቀባላቸው። ሌሊቱን በጭንቀት አድሮ ጧት ሲያይ ዘይት ያልፈሰሰባቸው ተኝተው አድረዋል፤ የፈሰሰባቸው በትኩሳትና በሥቃይ ላይ ናቸው። ፓሬ ከዚያ በኋላ ማንንም አላቃጠለም፤ ያየውንም በ1545 አሳተመው። አሮጌው ጠመንጃ ለእኛ ሙያ ያስተማረው የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ነው፤ ካየኸው ነገር ጋር ተስማማ፣ ከተነገረህ ጋር ብቻ አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ ግን ወደ ልቤ የሚመጣው መቅደላ ነው፤ የተወለድሁት ደብረ ታቦር ነውና። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በአሮጌ ሜዳ የዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት በአፈሙዝ በሚጎርስ ጠመንጃ ከእንግሊዞች ጋር ገጠመ። እንግሊዞች የያዙት ስናድርን ነበር። በዚያች ቀን ከእኛ ወገን ወደ 700 የሚጠጋ ሰው ሲሞት ከእነሱ የቆሰሉት ሃያ ገደማ ናቸው። ስናድር ምን እንደነበረ ሜሽትሬ ሲነግሩኝ መፋቂያውን አስቀመጥሁ። ስናድር አዲስ ጠመንጃ አልነበረም። እንግሊዞች ከ1853 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይዘውት የነበረው፣ በአፈሙዙ የሚጎርሰው የኤንፊልድ ጠመንጃ ነው። በ1866 የወሰኑት የኋላውን ጫፍ ቆርጠው እንደ ሣጥን ክዳን የሚከፈት በር እንዲገጠምለት ነበር። ብረቱ ያው ነው። እንጨቱም ያው ነው። በፊት የተዋደዱት ሁለቱ ሳይለያዩ፣ አፉ ብቻ ከፊት ወደ ኋላ ዞረ። በደቂቃ ሦስት ጊዜ ይተኩስ የነበረው አሥር ጊዜ ተኮሰ። በአሮጌ ሜዳ ያለቁት ወገኖቻችን በጀግንነት አላነሱም ነበር፤ ያነሱት በአንድ የብረት በር ነው።

ንጉሡ ይህን አያውቁም ነበር ማለት አይቻልም። ከደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የአውሮፓ ሚስዮናውያን የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው፣ እግዚአብሔርን ሊሰብኩ የመጡትን ሰዎች መድፍ አስቀልጠዋቸዋል። ሴባስቶፖል የተባለው ትልቁ መድፍ እዚያ ተሠርቶ ነው ወደ መቅደላ የተጎተተው። ለንግሥት ቪክቶሪያ በ1862 እ.ኤ.አ. የጻፉት ደብዳቤ መልስ ሳያገኝ ሲቀር የተነሣው ጠብ ነው መጨረሻውን ያመጣው። ታሪክ ጸሐፊዎች የሚያወሱት ቁጣቸውን፣ እስረኞቻቸውንና ሽጉጣቸውን ነው። እኔ የማስበው ጋፋትን ነው። አንድ ንጉሥ ጠመንጃ ከመግዛት ይልቅ መሥራትን መረጠ።

ሠሪዎቹን ግን እኛ ምን አደረግናቸው? አያቴ ከጋፋት ብዙም ሳትርቅ ነው ያደገችው። የአያቴ ባል ውጅግራ በቤቱ ምሰሶ ላይ ተሰቅሎ ነበር፤ በበዓል ቀን ቅቤ ይቀባ ነበር። ያንን ውጅግራ እንጨቱ ሲላላ ያጠበቀው፣ ብሎኑ ሲጠፋ የቀጠቀጠለት ባለእጅ ግን ወደ ቤት አይገባም ነበር። ጠላው የሚሰጠው ለብቻው በተቀመጠ ዋንጫ፣ ከአጥር ውጭ ነበር። እኔ ሕፃን ሆኜ ወደ እሱ ስጠጋ አያቴ ቀሚሴን ይዛ ትጎትተኝና «ዐይኑ ይበላሻል» ትለኝ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያ በሥራው እንዳይሰደብ ዐዋጅ አውጥተው ነበር። ዐዋጁ እስከ አያቴ አጥር ድረስ አልደረሰም፤ ሰባ ዓመት ቢያልፈውም አልደረሰም። ጠመንጃውን አከበርን፣ ተኳሹን ዘፈንን፣ አጋጣሚውን ቡዳ አልነው። ሜሽትሬ ጋራዥ ውስጥ በጉልበቴ ተንበርክኬ ጥላሸት በጥፍሬ ሥር ሲገባ፣ ከአጥር ውጭ የቆመውን ያን ሰው ደጋግሜ አስቤዋለሁ። ስሙን የነገረኝ ሰው የለም።

ልጄ በዚህ ሁሉ አልተደሰተችም። ጆሃንስበርግ ተወልዳ ያደገች፣ ዩኒቨርሲቲ የምትማር ልጅ ናት። አንድ ማታ እጄን ስታጠብ አየችኝና «እማ፣ ሆስፒታል ቀን ቀን የምታወጪውን ማታ ማታ እየሠራሽ ነው?» አለችኝ። ክፉ ጥያቄ አይደለም። መልስ የሌለው ጥያቄም አይደለም፣ ቢሆንም መልሱ አጭር አይደለም። «እኔ የምሠራው እንጨት ነው» አልኋት። «እንጨቱ ጠመንጃ ነው» አለች። እውነቷን ነው፤ ብረት ብቻውን ቧንቧ ነው፣ እንጨት ብቻውን ዱላ ነው፣ ጠመንጃ የሚያደርጋቸው መጋጠሚያው ነው። እኔ የያዝሁት መጋጠሚያውን ነበር። ያን ማታ አልተስማማንም። በነጋታው ግን ጋራዡ በር ላይ ቆማ አንድ ሰዓት ያህል አየችን፤ ሜሽትሬ ስትወጣ ወንበር አቀረቡላት።

ክረምቱ አለቀ። የዚህ አገር ነገር ተገላቢጦሽ ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ደረቅና ብርዳም ናቸው፣ ዝናቡ ከጥቅምት ጀምሮ በነጎድጓድ ይመጣል። ከፍታው 1,750 ሜትር ገደማ ስለሆነ አየሩ የእኛን ደጋ ያስታውሳል፤ እንጨት ደግሞ አየሩን ይሰማል። በሐምሌ ደርቆ የተዋደደው በጥር ያብጣል። ስለዚህ በመስከረም ሁለት ሥራ ቀረን። አንደኛው ቦዩን ከውስጥ በተልባ ዘይት ማጥገብ ነው፤ እርጥበት ከሥር ገብቶ እንጨቱን እንዳያሳብጥ፣ ብረቱንም እንዳያዝገው። ያ ሽታ፣ የተልባ ሽታ፣ የጾም ሽታ ነው፤ ጋራዡ ውስጥ የዐቢይ ጾም ገባ። ሁለተኛው ከብረቱ ሥር የተበየዱትን ሦስት ትንንሽ የብረት ምላሶች መብሳት ነው። በምላሶቹ ቀዳዳ ውስጥ ከእንጨቱ ጎን የሚገቡ ቀጭን ሽቦዎች ያልፋሉ፤ ብረቱን ከእንጨቱ ጋር የሚያስሩት እነሱ ናቸው።

እዚህ ላይ ሜሽትሬ እጄን ያዙኝ። «ክብ አይደለም» አሉ። ቀዳዳው በቁመት ረዘም ይላል። ብረት ሲተኮስ ይሞቅና ይረዝማል፤ እንጨት በዝናብና በድርቅ ይላወሳል፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት አይደሉም፣ መቼም አይሆኑም። ቀዳዳው ልክ ክብ ከሆነ ወይ ሽቦው ይታጠፋል፣ ወይ ቀጭኑ የእንጨት ግድግዳ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ወደ ላይና ወደ ታች ጥብቅ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ግን ግማሽ ሚሊ ሜትር የምታህል ነፃነት ይተውላቸዋል። አራት ወር ሙሉ ፀጉር እንዳይገባ ስንፍቅ ከርመን መጨረሻ ላይ ሆን ብለን ክፍተት ሠራን። በሦስት አገር የኖርሁ ሰው ነኝ፤ «ተዋሕደሻል ወይ?» እያሉ የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው። የዚያች ቀዳዳ ቅርጽ ለጥያቄያቸው ከማውቀው ሁሉ የተሻለ መልስ ነው።

በኅዳር መጨረሻ ወደ መተኮሻው ሜዳ ሄድን። ባሩዱ ሦስት አራተኛው ፖታሲየም ናይትሬት፣ የቀረው ከሰልና ድኝ ነው፤ ሲነድ ጭሱ ነጭና ወፍራም ነው፣ ሽታው እንደ በሰበሰ እንቁላል ነው። ሜሽትሬ ሞራ በሌለው በግራ ዐይናቸው አነጣጥረው፣ ሰደፉን በግራ ትከሻቸው ደግፈው ሃያ ጊዜ ተኮሱ። እኔ አልተኮስሁም፤ ማንም አላስገደደኝም። በእያንዳንዱ ድምፅ ትከሻዬ ይሸማቀቅ ነበር፤ እሱን የሚፍቅ መሣሪያ የለም። ከዚያ ጠመንጃውን ፈታነው። ባሩድ ከተኮሰ በኋላ የሚተወው ዝቃጭ እርጥበት ይስባል፣ በአንድ ሌሊት ብረት ያዝጋል፤ በሙቅ ውኃና በሳሙና አጠብነው። ሜሽትሬ ግን ውኃውን ከማፍሰሳቸው በፊት መነጽራቸውን አድርገው የኋላውን የእንጨት ገጽ ተመለከቱ። ስንጥቅ የለም። መርገጫው ገጽ በሙሉ እኩል አብርቷል። ምንም አላሉም፤ ቦታውን በጣታቸው ነክተው ለእኔ አሳዩኝ።

በጥር ወር ልጃቸው ከሊዝበን መጥቶ ቤቱን ሸጠላቸው። ብቻቸውን መኖር አይችሉም ነበር። ጠመንጃውን ለእኔ ሊተዉልኝ ፈለጉ። «ግማሹ ያንቺ ነው» አሉኝ። የብቃት ወረቀቱን ማውጣት እችል ነበር። አልተቀበልሁም። ምክንያቱንም ሳልሸፋፍን ነገርኋቸው፤ በቤቴ ውስጥ፣ አባቴ በጥይት በቀረበት፣ ልጄም ስለ ጠመንጃ እንደዚያ ባሰበችበት ቤት ውስጥ ግድግዳ ላይ ልሰቅለው አልሻም፤ በቁም ሣጥንም ልደብቀው አልሻም። ልጄ «ብረቱን ለአንድ ሰው፣ እንጨቱን ለእማ» ብላ አማካሪ ሆና ቀርባ ነበር። ሜሽትሬ ራሳቸውን ነቀነቁ። ያ ብረት በሌላ እንጨት ውስጥ አይተኛም፣ ያ እንጨትም ሌላ ብረት አይቀበልም፤ እያንዳንዱን ነጥብ አንዱ ለሌላው ብሎ ነው የሰጠው። ስለዚህ ጠመንጃው እንዳለ ከማኅበራቸው ወጣቶች ለአንዱ ሄደ። ለእኔ ያስቀሩልኝ መፋቂያውን ነው፤ ከአሮጌ ሞረድ የተሠራ፣ መያዣው በላባቸው የጠቆረ።

መፋቂያው በወጥ ቤቴ መሳቢያ ውስጥ ነው። ባለፈው የዝናብ ወቅት የጓዳው በር አብጦ አልዘጋ አለ። አናጢ እንጥራ ስትል ልጄን ኩራዙን እንድታመጣ ላክኋት። የመቃኑን ጠርዝ ጥላሸት ቀባሁት፣ በሩን ቀስ ብዬ ዘግቼ ከፈትሁት። ከላይ ከማጠፊያው ሥር አንዲት ጥቁር ነጥብ ነበረች። መፋቂያውን ለልጄ ሰጠኋት።